ገጽ አርባ አንድ

እኔ ንግግር አይሆንልኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ግቢ ስጠርግ የምነጋገረው ከመጥረጊያዬ ጋር ነው። ግን ጋሽ ቴፕ፣ አንድ ነገር ሳልናዘዝ ብሸኝዎት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የመጡ ዕለት ትዝ ይለኛል። ቴፕ ሪከርደር እንደ ሕፃን አቅፈው ግድግዳ ለግድግዳ ሲዞሩ አባባ ዘበኛው አዩዎት።

«መምህር፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ሶኬት።»

«እሱማ ከመብራቱ ጋር ነው የሚመጣው። እኛም እየጠበቅነው ነው።»

ምን ያድርጉ? ራስዎ ቴፕ ሆኑ። በእንግሊዝኛው ጭውውት ውስጥ ባልየውም እርስዎ፣ ሚስትየዋም እርስዎ፣ የሚያለቅሰው ሕፃንም እርስዎ! ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ ዝም ይሉና ሰሌዳው ላይ «ካሴቱ ረጥቧል» ብለው ይጽፋሉ።

የመጽሐፉን ነገርማ የማያውቅ የለም። ለሰባ ተማሪ አንድ መጽሐፍ ቢደርስዎ ገነጣጥለው አንዳንድ ገጽ አደሏቸው። «ገጽህን ለጎረቤትህ ሳታስተምር እንዳትመልስ» አሉ። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸውን ያዙ።

«የትምህርት ቤቱን ንብረት ቀደዱት!»

«አበዛሁት እንጂ መች ቀደድኩት?»

አንድ ዓርብ ገጾቹ ሲሰበሰቡ አርባ አንድ ጠፋች። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ያቃተው ተማሪ ሁሉ «መልሱ አርባ አንድ ላይ ነበር» ይላል። እርስዎ ይስቃሉ። እኔ ግን መሬት መሬት አያለሁ።

የወሰድኳት እኔ ነኝ።

ከዴስክ ሥር ጠርጌ አገኘኋት። ነገ እመልሳለሁ ስል ነገ አላልቅ አለ። በመስኮት የሰማሁትን ድምፅዎን ምሳ ሰዓት ላይ ከገጿ ጋር አመሳክር ነበር። ያ መስኮት ሥር ያለው ቦታ ከግቢው ሁሉ የጸዳው ለምን ይመስላችኋል? አንዱን ስንዝር አንድ ሰዓት ስጠርገው ነዋ!

ከዚያ እርስዎ የጣሏቸው ወረቀቶች ተከተሉ። ዓምና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የእናቴን መድኃኒት ወረቀት ራሴ አነበብኩት። «ከምግብ በፊት» ይላል። እኛ ከምግብ በኋላ ስንሰጣት ከርመናል። ዛሬ እናቴ በእግሯ ትሄዳለች። እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህሬ። «መምህሬ» ልልዎት ስመኝ ነው የኖርኩት።

ይኸው ገጽዎ፣ ላስቲክ አልብሼያታለሁ። ደንብዎንም አላፈረስኩም፤ ለጎረቤቴ አስተምሬያታለሁ። አባባ ዘበኛው፣ እስቲ ይነሡና የመጀመሪያዋን መስመር ያንብቡላቸው!

እናንተም ብርጭቆአችሁን አንሡ። ጋሽ ቴፕ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። በሚገቡበት ቤት ሶኬት ይብዛልዎት፤ ከእንግዲህ ቴፑ ይጩህ፣ እርስዎ ይረፉ!