በቀን፣ በፊት በኩል

መሻገሪያው ጀልባ ከታይዋኗ የቺጂን ደሴት ተነሥቶ ማዶ ካለው የካኦሽዩንግ ዓሣ ገበያ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሳህን ትኩስ የዓሣ ገንፎ ለመብላት ቢበቃ ነው። በዚያች ቅንጣት ጊዜ ሰው ሐሜት ይጨርሳል እንጂ ልማድ አይጨርስም። ቦንግቺም ያን ቀን የተሳፈረችው ብሎን ልትገዛ እንጂ ከማንም ጋር ልትሟገት አልነበረም።

ከአጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ በጉልበታቸው ያቀፉት ጆንያ ሱሪዋ ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። ጠብታውን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ በፀሐይ አየችው፤ አሸተተችው፤ የጆንያውንም ቅርጽ አስተዋለች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በጆንያው ያለው የናፍጣ ፖምፓ ጤነኛ ነው። በከንቱ ነው ተሸክመውት የሚዞሩት።»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩዋት። እኒህ ሰው ካፒቴን ኩዌ ቡንታይ ይባላሉ፤ «ሙሉ መከር» የተባለችው ጀልባ ባለቤት ናቸው፤ በደሴቱ ላይ የማያውቃቸው ሕፃን ብቻ ነው።

«በምን አወቅሽ? ጠንቋይ ነሽ?»

«ውስጡ ቢበላ ኖሮ ናፍጣው የብረት ዱቄት ይዞ ይወጣ ነበር። ይኸው እጄ ላይ ምንም የለም። ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበት አጣ አይደል? በሽታው ከፖምፓው ሳይሆን ከአገጣጠሙ ነው።»

ካፒቴኑ ጆንያውን ጠበቅ አድርገው አቀፉት፤ ነገሩ እንደዚያው ነበርና። ጥቁሩ ዓሣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ በሚረዝምበት ሰሞን፣ ብርዱ ከሰሜን እየነዳው ይመጣል። ሃያ ቀን ያህል ያልፋል፤ እንቁላሉን በጨው አድርቆ የሚሸጥ ወደብ ሁሉ ዓመቱን የሚኖረው በእነዚያ ሃያ ቀናት ነው። የካፒቴኑ ሞተር ግን ሦስት ቀን ሙሉ ለማንም አልታዘዘም። ወንዶቹ መካኒኮች በሌሎች ጀልባዎች ተይዘዋል። መርከበኞቻቸውም፣ እስከ ነገ ወዲያ ሞተሩ ካልተነሣ ሌላ ጀልባ ላይ እንደሚሳፈሩ ቁርጡን ነግረዋቸዋል። መርከበኛ ያጣ የስልሳ ስድስት ዓመት ካፒቴን ደግሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዝንብ የሚያባርር ሽማግሌ ከመሆን በቀር ዕጣ የለውም።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«የመረብ ጠጋኟ ልጅ ነኝ። ቦንግቺ እባላለሁ።»

ፈገግ አሉ። ቦንግቺ ማለት «ይሁን፣ እስቲ ትደግ» ማለት ነው፤ ወንድ ሲመኙ ሴት የተወለደችባቸው ወላጆች የሚያወጡት ስም ነው።

«ይሳቁ ግድ የለም» አለች ቦንግቺ፤ «እስቲ ትደግ አሉ፣ እኔም አደግሁ። ለእነሱ ብዬ ግን አይደለም።»

ሞተር የት እንደተማረች ጠየቋት። የዓለም ትልልቅ መርከቦች ሊሞቱ የሚመጡበት የብረት መቁረጫ ዳርቻ ላይ ለአባቷ ምሳ ስታመላልስ እንደሆነ ነገረቻቸው። ወንዶቹ የመርከቡን ቆዳ በእሳት ሲገፍፉ እሷ ሆዱ ውስጥ ገብታ ትመለከት ነበር። ከአንዱ መርከብ የጃፓን የሞተር መጽሐፍ አገኘች፤ የጃፓኑን ፊደል ባታውቀውም ሥዕሉን አወቀችው። ተማሪ ቤት አልላኳትም፤ እሷም አልጠበቀቻቸውም፣ የአገሯን ፊደል ለብቻዋ ለቀመች።

«ጥሩ ነው» አሉ ካፒቴኑ። «እንግዲያው ምን እንደማደርግ ንገሪኝና የወንድሜ ልጅ ይሥራው።»

«አይሆንም። ሞተሩ እየዞረ፣ ጆሮን አስጠግቶ፣ በጣት እየዳሰሱ በፀጉር ስፋት የሚስተካከል ነገር ነው። ነግሬዎት የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ነግሬዎት እወርድ ነበር። እኔ ራሴ ጀልባው ላይ መውጣት አለብኝ።»

መሻገሪያው ጀልባ ዳር ደረሰ፤ ሰው ወረደ። ካፒቴኑ አልወረዱም፤ ቦንግቺም አልወረደችም። ትኬት ቆራጩ ሁለቱን አይቶ ሌላ ትኬት ቆረጠላቸው።

«ልጄ፣» አሉ ካፒቴኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሴት ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ አትወጣም። ይህን እኔ አላወጣሁትም። መረብም ተራምዳ አታልፍም። ባሕሩ አይወድም።»

ልማድ ሲጠየቅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ አይገኝም። አንዱ በአባቱ ያመካኛል፣ አባቱ በአያቱ፣ አያቱ በባሕሩ። ባሕሩ ደግሞ ለምስክርነት ተጠርቶ አያውቅም።

ቦንግቺ መረብ የሚጠግነው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ካፒቴኑ ሴቶች ናቸው አሉ። የት አስቀምጠው ነው የሚጠግኑት ብትላቸው ፊታቸውን ወደ ውኃው መለሱ።

«ጭናቸው ላይ ነዋ፣ አባባ። እናቴ ዓመቱን ሙሉ በመረብዎ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፣ ምሳዋንም እዚያው ትበላለች። በዚያው መረብ ዓሣ ይዘው ይመለሳሉ። ዓሣው ከመጣ በኋላስ? ሆዱን ቀድዶ እንቁላሉን ሳይበጣ የሚያወጣው የማን እጅ ነው? በረዶ ቤቱ ውስጥ ሣጥን የሚጎትተው ማን ነው? እዚያ ማዶ ፋብሪካ ሬዲዮ የሚገጣጥሙት እህቶቼ ናቸው፤ እርስዎ በጀልባዎ ሰቅለው የነገውን ነፋስ የሚሰሙበትን ሬዲዮ። ከመረቡ እስከ ሬዲዮው የሴት እጅ ያልነካው ነገር ጀልባዎ ላይ የለም፤ የቀረው እግሯ ብቻ ነው።»

ካፒቴኑ ተቆጡ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባላል፣ አሏት።

«ወንዶቹ ሦስት ቀን ሞክረው ሲያቅታቸውስ በማን ይለቅ?»

ከኋላቸው ቅርጫት ይዘው የተቀመጡ ሁለት ዓሣ ሻጮች ሳቃቸውን ዋጡ። ካፒቴኑ ጆሯቸው ቀላ፤ ግን አልተነሡም። ጀልባው ቺጂን ደርሶ እንደገና ተመለሰ፤ ትኬት ቆራጩም ሦስተኛ ቆረጠ።

ቦንግቺ አሁን ነገሩን ከሥሩ ይዛ ተናገረች። ይህ ወደብ የዱሮው ወደብ አይደለም። ወጣት ወንዶቹ ግማሾቹ ኮንቴነር ያወርዳሉ፣ ግማሾቹ ብረት ያቀልጣሉ፣ የቀሩትም ለሁለት ዓመት ሩቅ ባሕር ሄደዋል። መካኒክ ጠፋ እያለ ካፒቴኑ ሁሉ ያለቅሳል፤ መካኒክ ልትሆን የምትችል ልጅ ደግሞ ዳር ቆማ ታየዋለች።

«ባንድ በኩል ብቻ የሚቀዘፍ ጀልባ አይተው ያውቃሉ? ወደፊት አይሄድም፤ ባለበት ይዞራል። እናንተም ከተማውን እንዲሁ ነው የምትቀዝፉት። ደግሞስ መሪው ክፍል ውስጥ ብርቱካን የሚያስቀምጡላት የባሕር እናት ማዙ ማን ናት?»

«እሷ አምላክ ናት፤ ከራስሽ ጋር አታወዳድሪያት።»

«አምላክ ከመሆኗ በፊት የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበረች፤ ያላገባች፣ እንደኔው አፏ የማያርፍ ሳትሆን አትቀርም። ጀልባዎ ላይ ሴት አለች፣ አባባ። ድሮም ነበረች።»

ካፒቴኑ ጆንያውን አሻሹ። ከዚያ አጎንብሰው፣ ሰው እንዳይሰማ፣ እንዲህ ካሰብሽ ማታ ነይ አሏት፤ ሰዉ ሲተኛ በኋላ በኩል ያስገቧታል፣ ከመንጋቱ በፊት ትወጣለች፣ የሥራዋንም ዋጋ እጥፍ ይከፍሏታል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ድል ይቆጥረው ነበር። እውነትም ብልሃት ነው፤ ሞተሩ ይነሣል፣ ልማዱም አይነካም፣ ሁሉም ሰላም ያድራል።

«በማታ ከገባሁ ሌባ ነኝ፤ በቀን ከገባሁ መካኒክ ነኝ» አለች ቦንግቺ። «የምመጣው በቀን ነው። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ወንዶቹ በሚወጡበት ሳንቃ፣ በፊት በኩል፣ የጀልባው ዓይኖች በተሳሉበት። ካልሆነ ጥቁሩ ዓሣ ይለፍ። እኔ ሌላ ሥራ አላጣም።»

ይህን ስትል ልቧ አልደነገጠም ማለት ውሸት ነው። ሰባት ወር ሙሉ ከደጃፏ የመጣው የተሰበረ ብስክሌትና የስፌት መኪና ብቻ ነበር። ነገር ግን ጎንበስ ብሎ የገባ ሰው ቀና ብሎ ለመውጣት እንደሚቸግረው ታውቅ ነበር።

ካፒቴኑ ጆንያውን ከጉልበታቸው አውርደው ወለሉ ላይ አኖሩት። ሲናገሩም ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር።

«አንቺ ትቀልጃለሽ። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ጉዋት የምትባል ታናሽ እህቴ አባቴ ምሳውን ረስቶ ጀልባው ሊነሣ ሲል ዘላ ወጣች፤ አቀበለችውና ወረደች። በዚያ ሳምንት ማዕበል ተነሣ፤ አባቴ አልተመለሰም። እኔ ነኝ ያየኋት፤ ለሰዉም የተናገርሁት እኔ ነኝ። በአሥራ አንድ ዓመቷ ሸንኮራ አገዳ እርሻ ውስጥ ላለ ገበሬ ልጅ እጮኛ ተብላ ተላከች። ከዚያ ወዲህ ባሕር አላየችም። እንግዲህ ልማዱ ሐሰት ከሆነ እኔ ምን አደረግሁ?»

ቦንግቺ ስለታም ምላሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበሰበችው።

«አባባ፣ በዚያ ማዕበል ስንት ጀልባ ቀረ?»

«ሰባት።»

«ሰባት እህቶች ሰባት ጀልባ ላይ ዘልለው ነበር?»

መሻገሪያው ጀልባ ዳር ነክቶ ተንገጫገጨ። ካፒቴን ኩዌ ቡንታይ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሰባትን ሳይቆጥር ሊኖር ይችላል፤ ጥፋቱን በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ማኖር ከቆጠራ ይቀላልና።

«ነገ» አሉ ሲነሡ። «ሦስት ሰዓት ላይ። በፊት በኩል።»

በማግሥቱ የዓሣ ማውረጃው በሰው ተሞላ። መሸፋፈን እንደሌለ ከተማው ሰምቶ ነበር። አንድ ካፒቴን መሬት ላይ ተፋ፤ መርከበኞቹም እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ቦንግቺ የሁለት እጇን ሙሉ ዕቃ ይዛ ሳንቃው ጋ ስትደርስ ካፒቴን ቡንታይ ከጀልባው ጫፍ ሆነው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እጃቸውን ዘረጉላት።

«እጄ ተይዟል፣ አባባ» ብላ በራሷ ወጣች።

ሥራው እስከ ቀትር ፈጀ። የወንድማቸው ልጅ ጂንሾንግ መብራት ያዘላት፤ መጀመሪያ እያፈረ፣ በኋላ እየጠየቀ። ሞተሩ ሁለቴ ተንተባተበ፣ በሦስተኛው ጭሱ ጠርቶ እንደ ጤነኛ ልብ መምታት ጀመረ። የተፋው ካፒቴን ጠጋ ብሎ የእኔም ሞተር ጉሮሮውን የሚያንቀው ነገር አለበት አለ። ቦንግቺ ምራቁን ከመሬት ከጠረገ በኋላ እንደምታየው ነገረችው፤ ሰውዬውም በጫማው ጠረገው።

«ሙሉ መከር» በዚያው ምሽት ወጣች፤ ከአራት ቀን በኋላም ተመለሰች። የያዘችው ዓሣ ከጎረቤቶቿ አልበለጠም፣ አላነሰምም፤ ባሕሩ ሴት ወጣችብኝ ብሎ አልቀጣም፣ አልሸለመምም። ዋናው ትምህርትም ይኸው ነው። በዚያ ዓመት በሞተር ብልሽት ዳር የቀረ ጀልባ አልነበረም። በተከታዩ ዓመት የቦንግቺ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አራት ልጃገረዶች የብሎን መፍቻ ይዘው ይሠሩ ነበር፤ ከአራቱ ሁለቱ፣ ካፒቴኖች ራሳቸው ያመጧቸው ልጆቻቸው ናቸው። አባቶቻቸው መካኒክ ፍለጋ ወደ ማዶ አይሻገሩም፣ መርከበኞችም ጀልባ ለመቀየር ምክንያት አያገኙም። ዳር ቆማ ትመለከት የነበረች ልጅ ሥራ ስትይዝ የሚራበው ሐሜት ብቻ ነው።

ካፒቴን ቡንታይ ከመጀመሪያው ዓሣ ትልቁን ጥንድ እንቁላል አውጥተው በራሳቸው እጅ በጨው አደረቁት። ፊደል ስለማያውቁ ወደ ቦንግቺ መጥተው ደብዳቤ ጻፊልኝ አሏት። ረዥም መስሏት ብዙ ወረቀት አዘጋጀች። እሳቸው ግን ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እንዲህ ብለው አስጻፏት፦

«ጉዋት እህቴ፣ ያን ጊዜ የቀረው ሰባት ጀልባ ነበር። አንቺ የወጣሽው አንዱ ላይ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነይና ጀልባዬ ላይ ምሳ አብረን እንብላ፤ በቀን ነይ፣ በፊት በኩል ውጪ።»