የሚዜው ሽቶ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠ ጎረምሳ አንድ ካርቶን ታቅፏል። አጠገቡ ያሉት ሴትዮ አላስቻላቸውም።

«ምንድን ነው እንዲህ እንደ አራስ ልጅ የታቀፍከው?»

«ሽቶ ነው እማማ። ነገ ጎረቤላ ከተማ ሰርግ ላይ ሚዜ ነኝ። የሙሽራዋ እህቶች አናስገባም ብለው በሩን ሲይዙብን የምረጨው ነው።»

«እስቲ ላሽትተው። እንዴ፣ ይሄ እኮ የወንድ ነው።»

«የወንድ ነው። የፈረንሳይ፣ ዲዛይነር የሚሉት ውዱ።»

«ተታለሃል ልጄ። በር ላይ የሚረጨው የሴት ነው፤ ርካሹም ይበቃ ነበር።»

«ባለሱቁም እንደዚሁ አለኝ። እኔ ግን አውቄ ነው የመረጥኩት።»

«ምን አስበህ?»

«ሙሽራው ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ጓደኛዬ ነው፤ የሚኖረው መጠለያ ጣቢያ፣ ሸራ ድንኳን ውስጥ ነው። ሽማግሌ ስንልክ የልጅቷ አጎት ‹የሸራ ጠረን እዚህ ቤት አይገባም› አሉ።»

«ታዲያ እንዴት ተሰጠችው?»

«ከእሱ ሌላ አላገባም አለቻ። አባቷም እሺ አሉ።»

«ጀግና ናት። ሽቶውስ?»

«ነገ ጠዋት ሙሽራው ይቀባዋል። የቀረውን በር ላይ በእህቶቿም በአጎቷም ላይ እረጨዋለሁ። ያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ እሱን እሱን ይሸታል።»

«አጎትየው ቢቆጡስ?»

«ይቆጡ። ጋቢያቸው እስኪታጠብ ድረስ ጠረኑ አብሯቸው ነው።»

«እንግዲያው ለእሳቸው ሲሆን እንዳትሰስት።»

እኔ ሽቶ ያፍነኛል፣ ጥሪም አልደረሰኝም፤ ግን ነገ እዚያ በር ላይ ለመቆም በልቤ ቆረጥኩ።