ማቡኪያው ሳይቆም የገባ እጅ

የምስክሩ ስም፦ ዘመነ አንሙት
ዕድሜ፦ 52
አድራሻ፦ ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ቀበሌ 03
ሥራ፦ በማካሮኒ ፋብሪካ የሊጥ ክፍል ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

በፋብሪካው ውስጥ ትናንት ስለደረሰው አደጋ ያየሁትን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

የምርት ኃላፊው ኢንጂነር ደምለው ዓባይ ባለፈው ዓመት ከተቀጠረ ወዲህ የሥራውን ቅደም ተከተል አስተካክሎ ምርቱን ከፍ አድርጎታል። ዱቄት ከመጋዘን የምናመጣበትን መንገድ ስላሳጠረልን እኛም ደስ ብሎን ነበር። የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ክዳኑ ሲከፈት በራሱ ይቆማል። ኢንጂነሩ፣ ማሽኑ ለጽዳት በቆመ ቁጥር ሌላው ሁሉ ሥራ ይፈታል በማለት፣ ባለፈው ሳምንት ማቆሚያውን እንዳይሠራ በገዛ እጁ በሽቦ አሰረው። ከዚያ ወዲህ ሊጡ የሚፋቀው ማሽኑ እየዞረ ነው። "በረጅም እንጨት ስለምትፍቁ እጅ አይገባም" ብሎን ነበር።

ትናንት ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ወለላ የተባለችው ሠራተኛ ስትፍቅ የጋዋኗን እጅጌ ማሽኑ ያዘው። "ጋሼ ዘመነ!" ብላ ስትጮህ ዞር አልኩ። ደረቷ ከማሽኑ አፍ ጋር ተጣብቋል። ዋናውን ማጥፊያ ለመዝጋት ወደ ግድግዳው ስሮጥ ኢንጂነሩ ከቢሮው ወጥቶ ደረሰባት። ማሽኑ እስኪቆም አልጠበቀም። ክንዱን አስገብቶ እጅጌዋን ቀደደና ወደ ኋላ ገፈተራት። መብራቱን ስዘጋ እሷ ወለሉ ላይ ወድቃለች፤ የእሱ እጅ ግን ውስጥ ቀርቷል።

ያየሁትን እስካሁን ማመን አቅቶኛል። ነጩ ሊጥ ቀልቶ ነበር። ማሽኑን ፈተን እጁን ስናወጣው አራት ጣቶቹ የሉም። ወለላ ክንዷ ከመላላጡ በቀር ደህና ናት።

አምቡላንስ ላይ ስናወጣው የፈረቃው ኃላፊ ጠጋ ብሎ "ልጅቷ ሳትጠነቀቅ ቀርታ ነው እንበል" አለኝ። ኢንጂነሩ ሰማው። በደህናው እጁ ልብሴን ጨምድዶ ይዞ "ጋሼ ዘመነ፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሷ ላይ እንዳያላክኩ። ሄደው ለፖሊስ ይንገሩልኝ" አለኝ። ስለዚህ ማንም ሳይጠራኝ ዛሬ ጠዋት ራሴ ወደ ጣቢያው መጥቻለሁ።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የጨመርኩትም የደበቅሁትም የለም፤ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን የሺዋስ ዘማርያም
ፊርማ ____________