የባሕር ማዶው ሰው ዋስ

ንፋስ መውጫ የሲኒማ መኪና መጥታ፣ የትምህርት ቤቱን መስኮት በጠራራ ፀሐይ በጋቢ ጋርደን ፊልም ስናይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ግድግዳው ላይ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ፈረንጅ ከመርከብ ወረዱ፤ ወደቡ በተቀባይ ሰው ተጨናንቋል። "ምን ሹመት ቢኖራቸው ነው?" ስል የማሽኑን ሠራተኛ ጠየቅሁት። "ሹመት የላቸውም። ሰው አገር እየዞሩ የሚያስቁ ቀልደኞች ናቸው፤ ይህ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም" አለኝ። ለሳቅ ይህን ያህል ሕዝብ መውጣቱ እየገረመኝ ሳለ፣ ወፍራሙ የቀጭኑን ባርኔጣ ቀምቶ በጥፊ አጮለው።

"በሕግ አምላክ! ቁም!" አሉ አጥቢያ ዳኛችን ግራዝማች፣ ብድግ ብለው። በሕግ አምላክ ከተባለ ማን ይንቀሳቀሳል? ሠራተኛው ደንግጦ ማሽኑን አቆመ፤ ወፍራሙም እጁን እንደ ሰነዘረ ግድግዳው ላይ ቀጥ አለ። "አሁን ዋስ ይጥራ!" አሉ ግራዝማች። "ኧረ ጌታዬ፣ ማሽኑ ከቆመ መብራቱ ፊልሙን ሊያቃጥለው ነው!" አለ ሠራተኛው። የሰዎቹን መጨረሻ ሳላይ መቅረቴ ነው ብዬ ተነሣሁና፣ "ግራዝማች፣ በተጠራ ጊዜ አቀርበዋለሁ፤ ዋሱ እኔ ነኝ" አልኩ። "እንግዲያው ይሂድ" አሉ።

ፊልሙ ቀጠለ። ወፍራሙና ቀጭኑ ተቃቅፈው እየሳቁ መርከቧ ላይ ወጡ፤ መርከቧም ጭሷን እየለቀቀች ራቀች። ግራዝማች ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ከሳሽም ተከሳሽም ተሳፈሩ። በእጄ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ" አሉኝ።

እኔም የባሕሩን ስፋት ገምቼ፣ ረዘም ያለ ቀጠሮ እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው።