የትልቁ ዱላ ኮፍያ

ኧረ ይቀመጡ እትዬ፣ ሻዩን እኔ እቀዳለሁ። ቀኑን ሙሉ የክለቡን እንግዶች ለማስተናገድ ሲሯሯጡ ውለው ደግሞ ለእኔ ሊቆሙ ነው? እዚህ ጥላው ጋ ይምጡ። ነፋሱም ቆመልን። ሣሩ ዛሬ እንዴት እንዳማረበት… አጫጁ ሰውዬ እጁ ይባረክ።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? አስተማሪ አይደለሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከኋላችን የተቀመጠ ሰው ቢሰማስ ምን አለበት፣ ስለማንም ክፉ አላወራሁ።

የዛሬውን የጎልፍ ውድድር አዩት? እኔማ የመጨረሻው ሜዳ ላይ ቆሜ አየሁ። ከመነሻው ኩሬውን ማሻገር ነው የሚፈለገው፣ አንድ ጠንካራ ምት። ትልቁ ዱላ፣ ድራይቨሩ፣ የተሠራው ለዚህ አይደል? እዚያ ላይ ታዲያ አንዳንድ ሰው… ማን እንደሆነ ልተወው… ኩሬውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ሣር ነጭቶ በትኖ ነፋሱን ለካ፣ ትልቁን ዱላ ዳሰስ አደረገና ትንሿን የብረት ዱላ መዘዘ። ኳሷን ከኩሬው ወዲህ፣ ሣሩ መሃል፣ ቁጭ አደረጋት። እንዴት ያለ ንጹሕ ምት መሰለዎት። ዋንጫውን ሌላ ሰው ወሰደው እንጂ…

ጥንቃቄ ትልቅ ጸጋ ነው እትዬ። መኪናውን ሲያቆም አይተውታል? ቆልፎ ይሄድና ተመልሶ በሩን ይስባል፣ ደግሞ ይመለሳል። የሚሠራበት ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የሚፈልገውም እንዲህ ያለውን ነው፤ ገና ያልደረሰ አደጋ የሚታየውን። ኳስ ጠፍቶበት ያውቃል? በጭራሽ። የእንስሳት ሐኪሙን ይዩት እንጂ፣ ያንን ግዴለሽ። ትልቁን ዱላ ጨብጦ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ይሰነዝራል። ዛሬ አንዱን ኳስ ኩሬ ውስጥ ከተተ፣ ሌላውን መኪና ማቆሚያው ድረስ ሰደደው። ሰው ሲስቅበት እሱም አብሮ ሳቀ። አሁን ይሄ ያስቃል?

የዚያ የጥንቁቁ ሰው ትልቅ ዱላ ኮፍያስ ትዝ ይልዎታል? ዱላው ጫፍ ላይ የምትጠለቀው፣ ሰማያዊ፣ አናቷ ላይ የክር ኳስ ያላት። ታናሽ እህቴ ናት በኪሮሽ የሠራችለት። ክረምቱን ሙሉ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ እየተረተረች፣ እንደገና እየጀመረች። "ሊመታ ሲል ያወልቃታል፣ ያን ጊዜ ያስበኛል" አለችኝ። እንዴት አድርጎ እንደያዛት ግን አይተዋል? ዛሬም አዲስ ናት። አንድም ቀን አልወለቀችም። ስጦታ እንዲህ የሚያከብር ሰው ከየት ይገኛል?

እኛ ቤትም ሲመጣ እንደዚሁ ነው። እሁድ እሁድ ለምሳ ይመጣል፣ ጫማውን ደጅ ጠራርጎ ይገባል፣ እናታችንን "ጉልበትዎን ተሻለዎት?" ይላል። ሲወጣ እህቴ እስከ በር ትሸኘዋለች። በሩ ላይ ጉሮሮውን ይጠራርጋል… እኛ ሳሎን ውስጥ ማንኪያ እንኳ አናንቀሳቅስም… ከዚያ "በሉ፣ ደህና ዋሉ" ብሎ ይሄዳል። ከኩሬው ወዲህ፣ ሣሩ መሃል። እናቴ እስካሁን "ይሄ ልጅ ጉሮሮውን ቢታይ ምናለ" ትላለች።

እውነቱን ልንገርዎት? እኔ ወድጄው ነበር። አማች ቢሆነን ደስ ባለኝ። ይሄን ስል ከልቤ ነው።

ቅድም የእንስሳት ሐኪሙ ኳሱን ሊፈልግ መኪና ማቆሚያው ጋ ሄዶ ነው እህቴን ያገኛት። ጎማዎቹ መሃል እንደተንበረከከ ቀና ብሎ "ታገቢኛለሽ?" አላት። እንዲህ ይጠየቃል? እጁ በጭቃ፣ ነፋሱን ሳይለካ? እሷም "ጫማዬን ቀይሬ ስወጣ መልሱን እነግርሃለሁ" አለችው። እኔን ደግሞ መጥታ ምን አለችኝ መሰለዎት? "እስከዚያ የሚናገር ሰው ካለ ልስማው።" ይኸው መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ናት። አሁን የጫማ ክር መፍታት ይሄን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ከኋላችን ወንበር ተንቀሳቀሰ ልበል?… ተነሳ እንዴ? እኔ አልዞርም፣ እርስዎ ይዩልኝ… እ? ስኳር ሊያነሳ ነው? ጎሽ። ስኳርም ቢሆን ተነስቶ ማምጣት ያስፈልጋል።

በሩ ተከፈተ። ይኸው እህቴ መጣች፣ የኔ እናት። ከኋላችን፣ የእሱ ጠረጴዛ ጋ ቆም አለች… ማንኪያዎን ይያዙልኝ እትዬ… ጉሮሮውን ጠረገ… ምን አላት? "ነፋሱ እንደገና ሊነሳ ነው"? ስለ ነፋስ ነው የነገራት?… ልክ ነው እኮ፣ ይኸው ቅጠሉ ይወዛወዛል። ሄደች። ወደ መኪና ማቆሚያው ነው የሄደችው። የዚያን ግዴለሽ ሳቅ ሰሙት? እሺ ብላዋለች ማለት ነው።

እንግዲህ ሙሽሮቹን የሚመርቅ አይጠፋም፤ እኔ ይሄን ጥንቁቅ ሰው ልመርቀው። ኳስ አይጥፋበት። ጫማውን ጭቃ አይንካው፣ ኩሬ በመንገዱ አይምጣበት። እድሜና ጤና ይስጠው። ያቺን ሰማያዊ ኮፍያም ክሯ ሳይሳብ፣ ቀለሟ ሳይለቅ፣ እስከ እርጅናው ያቆይለት… ቤቱ ውስጥ ብቻውን እንዳይሆን።