ባልዲ ገልብጣ የምትቀመጠው አክስታችን

የተከበራችሁ ሽማግሌዎቻችን፣ እናቶቻችን፣ ከበረሃው ድረስ አቧራ ለብሳችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፤ እናንተም ከከተማ ጥቁር ጫማ አድርጋችሁ መጥታችሁ አሸዋችን ጫማችሁን የሞላባችሁ እንግዶች። አጎቴ ሌስተር "ዛሬ እንኳ አትቀልድ" ብሎኛል። እሞክራለሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር የተጣላሁ ሰው ነኝ፤ ታገሱኝ።

ስሟን አልጠራም። በወጋችን የሟች ስም እስኪፈቀድ ድረስ ያርፋል። ግን የማያውቃት አለ? ጋዜጣው ታላቅ ገጣሚ፣ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የመብት ታጋይ ይላታል። ለእኛ አክስቴ ናት። ፖሊስ ጣቢያው ግድግዳ ሥር፣ በዚያ ፀሐይ፣ ባልዲ ገልብጣ የምትቀመጠው አክስቴ።

ከእኛ አንዱ በታሰረ ቁጥር ማን ሄደ? እሷ። "ወንዙ ደርቋል ወይ?" ትላለች በግድግዳው በኩል። ውስጥ ያለው "አልደረቀም፤ አሸዋው ሥር ይሄዳል" ይላል። የግጥሟ መጀመሪያ ነው። ፖሊሶቹ አብዳለች አሉ። መቼ አበደች? በሕይወት መኖራችንን ነበር የምትጠይቀው።

የበኩር ልጇ በታሰረ ማግስት ዳቦ ይዛለት ሄደች። በዚያው ግድግዳ በኩል ጠራችው። አልመለሰም። ሬሳውን አስረከቧት።

ሜልቦርን ሽልማት ሲሰጧት አብሬያት ነበርኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረክ ላይ ወጥታ "ወንዙ ደርቋል ወይ?" አለች። ማንም አልመለሰም። ጠበቀች። ሰው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፤ አንዱን ሳል ያዘው። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት በዓይኗ ዘጋችኝ። በመጨረሻ "ልጄም እንዲሁ ነው ዝም ያለኝ" ብላ ወረደች። ሌላ ግጥም አላነበበችም።

አሁን ለአጎቴ ሌስተር እንኳ ያልነገርኩትን ልናገር። ልጇ ከሞተ በኋላ፣ ፖሊስ መኪና ላይ የካንጋሮ ጅራት አንጠልጥዬ የታሰርኩ ጊዜ፣ መጣች። ጠራችኝ። እኔ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ሳቄን አፍኜ ዝም አልኩ። ደገመች። ዝም። በሦስተኛው ድምፅዋ ተለወጠ። ከዚያ የሰማሁት ግጥም አይደለም። ግድግዳውን በእጇ ትደበድብ ነበር። "አለሁ፣ አክስቴ፣ ስቀልድ ነው" እያልኩ ጮህኩ። አልሰማችኝም።

ስፈታ ሁለቱም እጆቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። አልተቆጣችም።

"አንተ ቀልደኛ" አለችኝ፤ "በሌላው ሁሉ ቀልድብኝ። በዚህ ግን አትቀልድብኝ። አንዴ ሞተህብኛል።"

ዛሬ የእህቷ ልጅ ዳርሲ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ለቀብሯ እንኳ አልለቀቁትም። ሦስት ቀኑ። በሦስቱ ቀን ማን ጠራው? እኔ? እናንተ? እሷን እያለቀስን እሱን ረሳነው።

አክስቴ፣ ወንዙ ደርቋል ወይ?

አያችሁ። ዝም አለችኝ። ቀልዴን መለሰችልኝ።

እሺ፣ እኔው ልመልስ። አልደረቀም፤ አሸዋው ሥር ይሄዳል። ደህና ሁኚ፣ አክስቴ። ልጅሽ በዚያኛው ዓለም ይመልስልሽ። ባልዲሽን ሰርቄዋለሁ፤ አትፈልጊው።

እናንተ ሆይ፣ አፈሩን እንደጨረስን እኔ ወደ ግድግዳው ነኝ። ባልዲው የሚይዘው አንድ ሰው ነው። የምትመጡ መቀመጫችሁን ይዛችሁ ኑ።