ንጉሡ ጥብስ የበሉ ዕለት

በእኛ ዘመን፣ ሕሊናዬ፣ ወንድ ልጅ ሴት ሊጋብዝ ሲያምረው መጀመሪያ አክስቷን ይጋብዛል፣ እሷ ተከትላ ትመጣለች። ሳቂ አንቺ! እሑድ ከዚያ ልጅ ጋር የንጉሥ ቲያትር ልትገቢ፣ ከዚያ ራት ልትበዪ ነው አሉ፣ ስልክሽን ደቅነሽ ንጉሡንም ራቱንም ፎቶ ልታነሺ። ይሁን። የእኔን ግን ስሚና ሂጂ።

አያትሽ፣ ያው እሱ፣ እዚያ ጥግ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያልሰማ የሚመስለው፣ ያኔ አራት ኪሎ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቀጭን፣ ከረባቱ ከራሱ የሚከብድ። እና ይፈልገኛል፣ እኔም እፈልገዋለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ምን እደብቃለሁ! ችግሩ አክስቴ እትዬ ወርቄ ናት። ያሳደገችኝ እሷ፣ የምትድረኝም እሷ። እሷ ደግሞ አንድ ባለ ወፍጮ አዘጋጅታልኛለች፣ ሲስቅ እንኳ ዱቄት የሚቦንንበት። ታዲያ አያትሽ ሽማግሌ ቢልክ፣ "እስቲ መጀመሪያ ልየው" አለች። "ሰው የሚታወቀው ሲርበውና ሲያፍር ነው።"

እኔም ለአያትሽ "የእትዬ ወርቄ አባት የትልቅ ሰው ቤት አሳላፊ ነበሩ፣ የግብሩን ሥርዓት እያየች ነው ያደገችው፣ የጥንት ነገር ትወዳለች" አልኩት፤ እሱ ሞኙ "በቃ የንጉሥ ቲያትር ይሁን!" አለ። እሑድ ከሰዓት ፒያሳ ቲያትር ቤት ገባን። አክስቴ መሐል፣ እኛ ግራና ቀኝ።

መለከቱ ተነፋ፣ ንጉሡ ጢሙን አንዠርግጎ ገባ። እትዬ ወርቄ ብድግ! ለጥ ብላ እጅ ነሳች። ከኋላ "እማማ ይቀመጡ እንጂ፣ አላየንም!" ይላሉ። ዞር ብላ "ንጉሥ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? አሳዳጊ የበደላችሁ!" እና ንጉሡ በገባ ቁጥር ብድግ፣ በወጣ ቁጥር ቁጭ። ንጉሡ ደግሞ እግር አያበዛ መሰለሽ! ኋላ አንዱ ባለሟል ጩቤ ይዞ በጀርባው ሲመጣ "ጃንሆይ፣ ከኋላዎ!" ብላ ጮኸች፣ ንጉሡ እውነትም ዞረ! መዞር አልነበረበትም እኮ፣ መወጋት ነበረበት። ከዳተኛው ጩቤውን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አያትሽ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

"ቲያትር መሆኑን አታውቂም ወይ?" ብላት፣ "አውቃለሁ። እሱ ሥራውን ይሠራል፣ እኔም ሥራዬን እሠራለሁ" አለችኝ። ወይ መልስ!

ከዚያ ምግብ ቤት ሄድን፣ ዛሬ የለም ፈርሷል። ያኔ ጨዋ ሴት ምግብ ቤት ገብታ ሰው ፊት አታላምጥም፣ ነውር ነው፤ እና እትዬ ወርቄ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ፣ ከግድግዳው ጋር ተፋጥጣ ተቀመጠች። ጥብሱ እየተንጫጫ መጣ። ከጎናችን ደግሞ፣ የአያትሽ ዕድል፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጠረጴዛ ሞልተው "ሰላም ነው ሙሽራው!" እያሉ ይጣቀሳሉ።

ታዲያ ልንቆርስ ስንል በሩ ተከፈተና ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ንጉሡ! ካባው እንዳለ፣ ጢሙ እንደተለጠፈ፣ ዘውዱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ። ለማታው ትርኢት ስለሚመለስ ልብስ መቀየር ሰልችቶታል። ዘውዱን ከሚጥሚጣው አጠገብ ቁጭ አደረገና፣ በዚያው በዙፋን ድምፁ፣ "አንድ ጥብስ! ቶሎ በል፣ ቃሪያ አብዛበት!" አለ።

እትዬ ወርቄ እጇን ከትሪው መለሰች። "በሰው ፊት ሊበሉ ነው?"

"ማን?"

"ንጉሡ ናቸዋ! ይሄ ሁሉ ዓይን እያለ!"

እና ሳልይዛት ብድግ አለች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈች፣ ሄዳ ፊቱ ዘረጋችው። አየሽ፣ በጥንቱ ሥርዓት ንጉሥ ሲበላ አይታይም፣ ዓይን እንዳይገባው መጋረጃ ይያዝለታል፤ አባቷ ሲይዙ አይታለች። ነጠላ ግን በአንድ ሰው እጅ አይጋረድም፣ አንዱ ጫፍ ተንጠለጠለ። ዞራ አያትሽን አየችው። ከዚያ የተንጠለጠለውን ጫፍ አየች።

 አሁን ካፈረ አለቀልኝ፣ ወፍጮ ቤት መግባቴ ነው። ጓደኞቹ አፋቸውን ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። አያትሽ ጥብሱን አየ፣ ጓደኞቹን አየ፣ እኔን አየ። እና ተነሳ፣ ከረባቱን አስተካከለና ጫፉን ያዘ!

"ካሳ፣ ሹመቱ መቼ ጸደቀ?" ይለዋል አንዱ አያትሽን። "እኛንም ጋርደን እንጂ!" ይላል ሌላው። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፣ እሱ ግን ንቅንቅ የለም። ንጉሡ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ኋላ ተመቸው፣ ከመጋረጃው ውስጥ "ድገሙኝ!" አይልም? ደገሙት! እኔ ደግሞ ጭንቀት ያስርበኛል፣ የአያትሽን ድርሻ ጠረግሁት። ንጉሡ በልቶ ሲጨርስ እትዬ ወርቄ እጅ ነሳች፣ እሱም ተነስቶ እጅ ነሳት፣ ግማሽ ጢሙ ጥብሱ ላይ ቀርቶ።

ወደ ታክሲ ስንወርድ "ባለ ወፍጮውን ተዪው" አለችኝ። "ይሄኛው ርቦትም አፍሮም እጁን አላወረደም። የያዘውን አይጥልም።" አለቀ፣ ተዳርኩ።

— አባባ፣ እውነት ነው?

(አያቴ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረጉ።)

— እውነት ነው። ግን አውርጄ ነበር።

— ምኑን?

— እጄን ነዋ! ጓደኞቼ መቆሚያ አሳጡኝ፣ ጫፉን ለቀቅኩት። እትዬ ወርቄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እግሬን ረግጣኝ፣ ንጉሡ እንዳይሰማ ቀስ ብላ፣ "ልጄን ትፈልግ እንደሆነ ቶሎ ያዝ!" አለችኝ።

(ሴት አያቴ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።)

— ለካ ቀድሞም አንተን መርጣልኝ ነበር! እና እኔ ይሄን ሳላይ?

— አንቺ ምኑን ታያለሽ፣ ጥብሴ ላይ አቀርቅረሽ!